ሰው ምን ይላል?

የዮአኪም ትሪየርን «የዓለም መጥፎዋ ሰው» (እ.ኤ.አ. 2021) ያያችሁ ዩሊየን ታስታውሷታላችሁ። ሕክምና ጀመረች፣ ወደ ሥነ ልቦና ዞረች፣ ቀጥሎ ካሜራ አነሣች። ሠላሳ ሊሞላት ነው፤ ምን መሆን እንደምትፈልግ ግን ገና አላወቀችም። እኔ ጋዜጠኝነት ልማር ስል ቤታችን የተነሣው ጩኸት ትዝ አለኝና ቀናሁባት።

ስለ ማንነትና ስለ ሕልም የሚያወሩ የኖርዌይ ፊልሞች ሲነሡ ብዙ ሰው ይህችኑ ዩሊየን ይጠራል። ለእኔ ግን የሚቀድመው ኢራም ሃክ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣችው ነው። ርዕሱ ቁርጥ የኛ ነው፦ «ሰው ምን ይላል?»

ኒሻ የፓኪስታን ስደተኞች ልጅ ናት። ቤት ውስጥ ጨዋ የፓኪስታን ልጅ፣ ደጅ ስትወጣ እንደማንኛዋም የኖርዌይ ወጣት። አንድ ሌሊት አባቷ መኝታ ክፍሏ ውስጥ ከወንድ ጓደኛዋ ጋር ያገኛታል። ከዚያማ በግድ ወደ ፓኪስታን፣ ዘመድ ቤት። ዳይሬክተሯ ታሪኩን ከሩቅ አላመጣችውም፤ እሷንም በ14 ዓመቷ ወላጆቿ እንዲሁ ወስደው ዓመት ተመንፈቅ አቆይተዋታል።

«እንዲህ ያለ ፊልም ስደተኛ ለሚጠላ ሰው ዱላ ማቀበል ነው» የሚል አይጠፋም። ስጋቱ ይገባኛል፤ አልስማማም እንጂ። አባትየው አውሬ ተደርጎ አልተሣለም። ልጁን ይወዳታል፤ የሀገሩን ሰው ሐሜት ግን ከዚያ በላይ ይፈራል። ይሉኝታ ያሳደገን ልጆች ይህን ሰውዬ ለማወቅ ፓኪስታን መሄድ አያስፈልገንም።

(ፊልሙን ያላያችሁ ይህችን ዝለሏት።) መጨረሻ ላይ ኒሻ ከቤት ስታመልጥ አባቷ መስኮቱ ላይ ቆሞ ያያታል። አይጠራትም።