ባለ ስም ወይን፣ ስም አልባ ማር

«ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ» ይላል ያገሬ ሰው። እኛ ግን ማሩን እየሰፈርን የምናወራው ስለ ወይን ሆኗል። ለመሆኑ በዚህች አገር አንድ ምርት ስም እንዲኖረው፣ ክብር እንዲኖረው፣ መንግሥትም ዞር ብሎ እንዲያየው የግድ ከፈረንሳይ ተነቅሎ መምጣት አለበት? ይህን ጥያቄ ያስነሳብኝ ሰሞኑን ከአዲስ አበባ እስከ ባሌ ደጋ ያደረግሁት ጉዞ ነው። እየበላሁ፣ እየጠጣሁና እየጠየቅሁ ነበር የሄድኩት። ያየሁትን እነሆ!

መጀመሪያ ያለው የዝዋይ ወይን ነው። ከተማዋ ዛሬ ባቱ ተብላለች። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ገደማ ከቦርዶ ያስመጣውን የወይን ችግኝ እዚህ ተከለ። ጉማሬና ዘንዶ እንዳይገባበት እርሻው ዙሪያውን በቦይ ታጠረ። እ.ኤ.አ. በ2014 «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» የሚባሉት ወይኖች ለገበያ ወጡ። ወደ ውጭም ተላኩ፤ የውጭ ጋዜጦችም «ኢትዮጵያ ወይን አመረተች» ብለው ጻፉ። ጠርሙሱ ላይ የወይኑ ዘር ይነበባል፤ ሜርሎ ነው፣ ሲራ ነው፣ ሻርዶኔ ነው ይላል። የአገሩም ስም አለበት።

ልብ በሉ! የዝዋይን ወይን የምጠላ ሰው አይደለሁም። ብዙ ወገኖች የዕለት እንጀራ አግኝተውበታል፤ ጣዕሙም አይታማም። ቅር ያለኝ ሌላ ነው። አንድ የውጭ ባለሀብት ሲመጣ መሬቱ ይመቻቻል፣ ባለሥልጣናት ይጎበኙታል፣ ቴሌቪዥኑ ይከተላል። ይህ ሁሉ መልካም ነው እንበል። ታዲያ ለራሳችን ንብ ይህን ያህል ትጋት ለምን ጠፋ?

ሻሸመኔን አልፎ ወደ ምሥራቅ ሲታጠፍ አገሩ መቀዝቀዝ ይጀምራል። ዶዶላ፣ አዳባ፣ ከዚያም የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለበት ዲንሾ፣ ቀጥሎ ሮቤ። ስንዴው ዓይን እስከሚደርስበት ነው፤ በመከር ጊዜ ኮምባይነሩ እንደ ከተማ አውቶቡስ ይርመሰመሳል። ሮቤ ገበያ ገብቼ ማር ሻጮቹ ዘንድ ቆምኩ። አንዲት እናት ማሩን በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልተው ደርድረዋል።

«አዴ፣ ይሄ ማር የየት ነው?»

«የሐረና ነው ልጄ። ቅመሰውና እየው!»

ቀመስኩት። የቡና አበባ ሽታ አለው።

«ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውስ ምንድን ነው?»

«እሱ የውሃው ስም ነው» አሉኝ።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ያለው በዚህች መልስ ውስጥ ነው። ውሃው ስም አለው፤ ማሩ ግን ስም የለውም! አፍሪካ ውስጥ በማር ምርት አንደኛ የምትባል አገር፣ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ማሯን ወደ አውሮፓ ኅብረት እንድትልክ የተፈቀደላት አገር፣ ከምርጥ ደኖቿ የወጣውን ማር የውሃ ስም አልብሳ ትሸጣለች። ነጋዴው በጀሪካን ሰብስቦ ይወስደዋል፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ከሌላው ጋር ይደባለቅና «የጠጅ ማር» ይባላል። የሐረና ሰው ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ ሰቅሎ፣ በሌሊት በጭስ ንብ አባሮ የቆረጠው ማር ታሪኩ እዚያው ላይ ይቀበራል።

ከጎባ ወደ ላይ ወጥታችሁ የሰነቴን አምባ ስታቋርጡ ከ4,000 ሜትር በላይ ላይ ናችሁ፤ 4,377 ሜትር የሚረዝመው ቱሉ ዲምቱም እዚያው ነው። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ወደ ሪራ፣ ወደ ሐረና ደን፣ ወደ ደሎ መና ይወርዳል። በአንድ ቀን ጉዞ ከውርጭ ምድር ወደ ጫካ ቡና! ቡናው እዚያ ማንም ሳይተክለው በዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል። ስሎው ፉድ የተባለው የጣሊያን ማኅበር የሐረናን የጫካ ቡና ሊጠበቁ ይገባቸዋል ከሚላቸው የዓለም ምርቶች ተርታ አሰልፎታል። ጣሊያኖቹ አውቀውታል ማለት ነው። እኛስ?

እኛማ እንዲህ ነን። ያመሸሁበት ሆቴል (ስሙን መጥራት አያስፈልግም) የምግብ ዝርዝሩ ላይ ያለው ስፓጌቲ፣ ጥብስና ሽሮ ነው። ጩኮ የለም፤ በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ አገሩ ባሌና አርሲ አይደለም እንዴ? በቅቤ የሚጠበሰው የቡና ፍሬ የለም። የገብስ ገንፎ የለም። ጠጅ ስጠይቅ መጣልኝ፤ ግን ስኳርና ቀለም እንጂ ማር አልነበረበትም። ጠጅ እኮ አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ ተበርዞ፣ ጌሾ ገብቶበት ጊዜ ተሰጥቶት የሚፈላ ነው። የማር አገር ተቀምጠን የስኳር ውሃ ስንጠጣ ምን ይባላል? «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ነው መቼም!

አንዳንዱ «ባሌ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ነው፤ ስለ ጠጅ ምን አወራህ?» ይል ይሆናል። መልካም ጥያቄ ነው። ማር ግን ለጠጅ ብቻ አልተፈጠረም። ያልፈላው ብርዝ አለ፤ ማር በቅቤ አለ፤ የጫካው ቡና አለ። እንግዳው የሚጠጣውን ራሱ ይመርጣል። የሚመርጠው ነገር ግን መቅረብ አለበት።

«ስም ምን ያደርጋል? ማር ማር ነው» የሚልም አይጠፋም። ለዚህኛው መልሱ በታሪካችን ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚባሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ ስትነሳ የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ተቃወሙ። ከስታርባክስ ጋር የተደረገው ክርክር ዓለምን አነጋገረ፤ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2007 ስምምነት ተፈረመ። ስም ዋጋ ባይኖረው ያ ሁሉ ኩባንያ ለምን ይሟገታል? ፈረንሳዮች ሻምፓኝ የሚለውን ስም ሻምፓኝ ከሚባለው አገራቸው ውጭ ማንም እንዳይጠቀምበት ዘብ የቆሙት ለጌጥ መስሏችኋል? ባሌ ግን ከነዚያ ከሦስቱ ስሞች ውስጥ አልነበረችም። ሕግ የለም እንዳይባል ደግሞ፣ የኅብረት የንግድ ምልክትን የሚፈቅደው አዋጅ ቁጥር 501 ከወጣ ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ ቆይቷል። የጎደለው ሕግ አይደለም፤ የሚሠራ ሰው ነው።

ጉዳዩ ግን ከሆድም ከስምም ያልፋል። የባሌ ደጋ ገበሬ ዛሬ የተንጠለጠለው በስንዴ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ መጥቶ ኩብሳ የሚባለውን ዝርያ መታው፤ ሦስት ዓመት ቆይቶ ደግሞ የግንድ ዋግ ዲገሉን ጨረሰው። በአንድ ሰብል የቆመ ቤት እንዲህ በአንድ ክረምት ይናጋል። ማርና ቡና ለገበሬው መደገፊያ ናቸው። ይህ መደገፊያ ደግሞ የሚቆመው ደኑ ሲቆም ብቻ ነው። ማሩ ዋጋ ካጣ፣ ቡናው በርካሽ ከተወሰደ፣ የደኑ ሰው ዛፉን ጥሎ ማሳ ቢያደርገው ማን ይፈርድበታል? ልጆቹን በምክር አያበላ! ከባሌ ተራሮች በሚወርደው ውሃ እስከ ሶማሌ ቆላ ድረስ 12 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ይኖራል ይባላል። ስለዚህ የሐረና ማር ዋጋ የሐረና ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የባሌ ተራሮች ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ደግ! ግን ቅርስ የሚጠበቀው በሰርተፊኬት ሳይሆን በዙሪያው ባለው ሰው ኑሮ ነው። ጎብኚው ቀይ ቀበሮ አይቶ፣ ስፓጌቲ በልቶ፣ በመጣበት መኪና ከተመለሰ ለሪራና ለደሎ መና ሰው ምን ተረፈው?

ስለዚህ የሚመለከታችሁ ሁሉ ስሙ! የንግድ ምልክት መዝጋቢዎች፣ የአምራቾቹን ማኅበራት እጃቸውን ይዛችሁ የሐረናን ማርና ቡና ስም በስማቸው አስመዝግቡላቸው፤ ባለቤቱ ደኑን የሚጠብቀው ሰው ይሁን እንጂ አዲስ አበባ የተቀመጠ ነጋዴ አይሁን። ዞኑ፣ ጥራቱ ተመርምሮ በጠርሙስ የሚታሸግበትን ቦታ እዚያው ባሌ ውስጥ አቋቁም። እናንተ ባለ ሆቴሎችም መንግሥትን አትጠብቁ፤ ብርዙንና ጩኮውን ነገ ጠዋት ማቅረብ ትችላላችሁ። ዝዋይ ላይ ለወይን የተቻለው ሐረና ላይ ለማር የማይቻልበት ምክንያት ካለ በአደባባይ ይነገረን።

አለዚያ ግን ጊዜ አይጠብቅም። «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ይባላል። ደንም እንደዚያው ነው።