ፓምፓችን ከየት ይስባል?

በጉባኤ ስለ ፍቅር ብዙ እንዘምራለን። ዛሬ ግን ስለ ውሃ ፓምፕ እንነጋገር፤ ጎረቤትን መውደድ በእኛ ሰፈር ከሚፈተንባቸው ቦታዎች አንዱ እዚያ ነውና።

ከገርጂ እስከ ሲኤምሲ፣ ከአያት እስከ ቦሌ አራብሳ የውሃ ፈረቃ ምን እንደሆነ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ1970 የተሠራው የለገዳዲ ግድብ የሚገኘው ከከተማችን በስተምሥራቅ ነው፤ ነገር ግን የግድቡ ቅርበት ብቻ ቧንቧችንን አይሞላም። ስለዚህ ሮቶ እንገዛለን፣ ፓምፕ እናስገጥማለን። ይህ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ጥያቄው ፓምፑ ከየት ይስባል የሚለው ነው።

ፓምፑ በቀጥታ ከመንገዱ መስመር ሲስብ የጋራውን ግፊት ወደ አንድ ግቢ ይጎትታል። በመስመሩ መጨረሻ ያሉት እናት ቧንቧቸውን ሲከፍቱ የሚሰሙት የአየር ድምፅ ብቻ ይሆናል። ከዚህም የባሰ አለ፦ የመስመሩ ግፊት እጅግ ሲወርድ በተሰነጠቀ ቧንቧ በኩል በዙሪያው ያለው ቆሻሻ ውሃ ወደ ውስጥ ሊሳብ ይችላል። ያንን ውሃ የጎረቤትም የእኛም ልጆች ይጠጡታል።

ትክክለኛው አሠራር ከባድ አይደለም። ውሃው በራሱ ግፊት መሬት ላይ ወዳለ ታንከር ይግባ፤ ፓምፑም ከታንከሩ ብቻ ይሳብ።

በኮንዶሚኒየም አንድ ፓምፕ ለብዙ ቤት ሲያከፋፍል ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ውሃ በብዛት የሚሄደው መንገዱ ወደ ቀለለበት ነው። 10 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ብቻ 1 ባር ያህል ግፊት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ምድር ቤቱ ሲትረፈረፍ አራተኛ ፎቅ ይደርቃል። ጥሩ ባለሙያ ለየቅርንጫፉ ቫልቭ ይገጥማል፤ የቅርቡን ጥቂት ያጠበዋል፣ የሩቁን ሙሉ በሙሉ ይከፍተዋል። የቅርቡ አይጠማም፤ የሩቁም ይጠጣል።

ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች የገሠጸው በዚህ ዓይነት ነገር ነበር (1ኛ ቆሮ. 11)። በአንድ ማዕድ አንዱ ቀድሞ ይጠግባል፣ ሌላው ይራባል። የሰጣቸው ምክር እርስ በርስ እንዲጠባበቁ ነው።

«ሁሉም እየሳበ እኛ ብቻ ብንተው ልጆቻችን ምን ይጠጣሉ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ መታዘዙም ዋጋ አለው። ሮቶው ቀስ ብሎ ይሞላል፤ አንዳንድ ሳምንት ጀሪካን መሸከም ይመጣል። ይስሐቅም እረኞች የተጣሉበትን ጉድጓድ ሁለት ጊዜ ትቶ ሄዷል። ሦስተኛውን ግን ማንም አልተጣላበትም፤ እግዚአብሔር ስፍራ እንደሰጠው አይቶ ርኆቦት ብሎ ጠራው (ዘፍ. 26)።

በዚህ ሳምንት የፓምፓችንን መስመር እንከተለው። ከመንገዱ የሚስብ ከሆነ ባለሙያ እንጥራ፤ በብሎካችን ኮሚቴ ስብሰባም ስለ ላይኛው ፎቅ የምንናገረው እኛ እንሁን። የምንዘምረውን ፍቅር ጎረቤቶቻችን በቧንቧቸው ይዩት።

ጌታ ይርዳን።