ጥርጣሬያችንን ይዘን ወዴት እንሂድ?



ዛሬ በቤተ ክርስቲያን አዘውትረን ስለማናነሣው ጉዳይ እንወያያለን። እሑድ ጠዋት ዝማሬው ሲሞቅ አጠገባችሁ ያለው ሰው እጁን አንሥቶ ያለቅሳል። መሪው «የጌታ ህልውና በመካከላችን አለ» ይላል፤ ጉባኤውም «አሜን!» ብሎ ይመልሳል። እናንተም አብራችሁ «አሜን» ትላላችሁ፤ በውስጣችሁ ግን ምንም የለም። ቤት ገብታችሁ ስትንበረከኩም ጸሎታችሁ ከጣሪያው የሚያልፍ አይመስላችሁም። ከዚያም «እውን እግዚአብሔር ይሰማኛልን? ደግሞስ አለ ወይ?» የሚል ሐሳብ ብቅ ይላል። ሐሳቡ ራሱ ያስደነግጣችኋል። ለማን ይነገራል? ለመጋቢው? አብረዋችሁ ለሚዘምሩት? ለትዳር ጓደኛችሁ?

ብዙዎች ለማንም አይናገሩም።

ጥርጣሬ ብዙውን ጊዜ ከመጻሕፍት ሳይሆን ከቤት ይጀምራል። ለታመሙ እናት ተጾመ፣ ተጸለየ፤ እናት ግን አረፉ። ልጅ ለሚጠባበቁ ባልና ሚስት «በሚመጣው ዓመት በዚህ ጊዜ ልጅ ትታቀፋላችሁ» የሚል ትንቢት ተነገራቸው፤ ዓመቱ መጥቶ ሄደ፣ ሁለተኛውም ተከተለው። ሚስት አሁንም ትጾማለች። ባል ግን አጠገቧ ተንበርክኮ ዝም ማለት ጀምሯል። እርሷ «ደክሞት ይሆናል» ትላለች፤ እርሱም ቢጠየቅ «ደክሞኝ ነው» ይላል። በአንድ አልጋ ላይ እየተኙ በመካከላቸው ያልተነገረ ነገር አለ።

ጥርጣሬ ሁሉ አለማመን ነውን?

ብዙ ምእመናን በዚህ ጊዜ የሚያስታውሱት የያዕቆብን መልእክት ነው። ያዕቆብ የሚጠራጠርን ሰው ነፋስ በሚያናውጠው የባሕር ማዕበል መስሎታል (ያዕ. 1፥6)። ታዲያ እኛ ተስፋ የለንም ማለት ነውን? ከፍ ብለን ቁጥር 5ን እናንብብ። ጥበብ የጎደለው ሰው ይለምን ዘንድ ተጋብዟል፤ እግዚአብሔርም ሳይነቅፍ የሚሰጥ አምላክ እንደሆነ ተነግሮታል። ዝቅ ብለን ደግሞ ቁጥር 8ን ብናይ ያዕቆብ የሚገሥጸው ሁለት አሳብ ያለውን፣ አንድ እግሩን በእግዚአብሔር ቤት ሌላውን በዓለም ያቆመውን ሰው መሆኑን እንረዳለን። «ጌታ ሆይ፣ ላምንህ እፈልጋለሁ፤ ግን አቃተኝ» እያለ የሚጮኸው ሰው ከዚህ የተለየ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ እናገኛለን። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በክፉ መንፈስ ሲሠቃይበት የኖረ አባት ነው። ወደ ደቀ መዛሙርቱ አመጣው፤ አልቻሉም። በጌታ ፊት በቆመ ጊዜ እምነቱም አለማመኑም በአንድነት ከአፉ ወጡ፤ ማመኑን ተናግሮ ወዲያው አለማመኑን እንዲረዳው ለመነ። ጌታ «ሂድና እምነትህን አጥርተህ ተመለስ» አላለውም። ልጁን ፈወሰለት።

መጥምቁ ዮሐንስንም እናስብ። በዮርዳኖስ ወንዝ ጌታን ያጠመቀው፣ ስለ እርሱም በሕዝብ ፊት የመሰከረው ሰው በወኅኒ ሳለ ደቀ መዛሙርቱን ልኮ ይመጣል የተባለው እርሱ መሆኑን አስጠየቀ (ማቴ. 11፥2-11)። ጌታ የሠራውን ሥራ ቆጥሮ መለሰለት። መልእክተኞቹ ከሄዱ በኋላ ደግሞ ከሴቶች ከተወለዱት ከዮሐንስ የሚበልጥ እንዳልተነሣ ለሕዝቡ ተናገረ። ልብ በሉ፤ ይህን ምስክርነት የሰጠው ዮሐንስ ጥያቄውን በላከበት በዚያው ጊዜ ነው።

ህልውናውና ስሜታችን

ወገኖቼ፣ የእግዚአብሔርን ህልውና ከስሜታችን ሙቀት ጋር አንድ አድርገን ስለምናይ እንጎዳለን። እንባ ሲመጣ «ጌታ መጣ»፣ እንባው ሲደርቅ «ጌታ ሄደ» እንላለን። መዝሙር 88ን እናንብብ። ጸሐፊው ቀንና ሌሊት ይጮኻል፤ እግዚአብሔር ፊቱን ለምን እንደሰወረበት ይጠይቃል፤ መዝሙሩም እንደ ሌሎቹ በምስጋና ሳይሆን በጨለማ ያበቃል። ይህ ጸሎት ከመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አልተወገደም። እግዚአብሔር የማይሰማቸው ሰዎች የሚጸልዩት ጸሎት ይሆን ዘንድ ተቀመጠልን።

በቅርቡ ዘመንም ጽሑፎቹ በዓለም ሁሉ የሚነበቡለት ሲ. ኤስ. ሉዊስ በዚህ መንገድ አልፏል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በቢቢሲ ራዲዮ የክርስትናን እምነት ለሕዝብ ያስረዳ መምህር ነበር። ሚስቱ ጆይ እ.ኤ.አ. በ1960 በካንሰር በሞተች ጊዜ ግን እግዚአብሔር በሩን የዘጋበት ያህል ተሰማው። የሐዘኑን ጊዜ ሐሳብ በደብተር ላይ ጻፈ፤ በ1961 መጽሐፍ ሆኖ ሲታተም የወጣው በሌላ ስም ነበር። በእርሱ ስም የታተመው በ1963 ካረፈ በኋላ ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ አካባቢ ያ በር እንደ ቀድሞው የተዘጋ ሆኖ እንዳልታየው ይናገራል። ነገር ግን ወደዚያ የደረሰው ጥያቄውን በመዋጥ አይደለም፤ በጥያቄው ውስጥ ሆኖ እግዚአብሔርን መፈለጉን ባለመተው ነው።

ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ

ለባለ ትዳሮች ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመን የኤማሁስ መንገድ ታሪክ ይመስለኛል (ሉቃ. 24፥13-35)። ሁለት ሰዎች ከኢየሩሳሌም ተነሥተው 11 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቅ መንደር ይሄዳሉ። ተስፋ ያደረጉበት ጌታ ተሰቅሏል። ሴቶች መቃብሩ ባዶ መሆኑን ነግረዋቸዋል፤ እነርሱ ግን ግራ ተጋብተዋል። በመንገድ ላይ ምን ያደርጋሉ? የሆነውን ሁሉ እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ። ኢየሱስ ቀርቦ አብሯቸው መሄድ የጀመረው እነርሱ እንዲህ ሲነጋገሩ ነው። ዓይናቸው ተይዞ ስለነበረ አላወቁትም፤ እርሱ ግን ከአጠገባቸው አልጠፋም። የጨለመ ተስፋቸውን ሲነግሩት አዳመጠ፤ ስለ ልባቸው መዘግየት ገሠጻቸው፤ መጻሕፍትንም ተረጎመላቸው። ያወቁት ግን ቤት ገብተው እንጀራውን በቈረሰ ጊዜ ነበር።

እንግዲህ በቤታችን ምን እናድርግ?

የምትጠራጠሩት፣ በመጀመሪያ ለእግዚአብሔር ንገሩት። ያማረ ጸሎት አያስፈልግም። «ዛሬ አልተሰማኸኝም» ብላችሁ ብትጸልዩ ከእርሱ ጋር ተነጋገራችሁ እንጂ አልራቃችሁም። ኅብረቱንም አትተዉ። ቶማስ ጌታን ያየው ሳያምን ከወንድሞቹ ጋር በተሰበሰበበት ቀን ነው (ዮሐ. 20፥26)።

ቀጥሎ ለትዳር ጓደኛችሁ ንገሩ። ልጆች ከተኙ በኋላ ሁለት ስኒ ሻይ ቀድታችሁ «በጸሎት ጊዜ ዝም የምለው ስለ ደከመኝ አይደለም» ብላችሁ ጀምሩ። ይህ ንግግር ያስፈራል። ተደብቆ የሚኖር ጥርጣሬ ግን ከእግዚአብሔር ብቻ ሳይሆን ከትዳር ጓደኛም ያርቃል።

የምትሰሙት ደግሞ ቶሎ ጥቅስ አትጥቀሱ። «እምነት የለህም እንዴ?» አትበሉ፤ አታልቅሱበት፣ አትቆጡም። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጌታ ራሱ የዚያን ልጅ አባት የጠየቀው ይህንኑ ነበር (ማር. 9፥21)። ደግሞም የነገራችሁን ያለ ፈቃዱ ለቤት ለቤት ኅብረቱ «የጸሎት ርእስ» አድርጋችሁ አታቅርቡ። ምሥጢሩ የወጣበት ሰው ሁለተኛ አይናገርም።

ጥርጣሬው ካልተፈጸመ ትንቢት የመጣ ከሆነ ዘዳግም 18፥22ን አብራችሁ አንብቡ። በእግዚአብሔር ስም ተነግሮ ያልሆነ ቃል እርሱ ያልተናገረው ቃል ነው። ሰው ያልተላከበትን ተናገረ ማለት እግዚአብሔር ዋሸ ማለት አይደለም። ይህን መለየት ብዙ ቤቶችን ከምሬት ያድናል።

ሥጋችሁንም አትርሱ። ኤልያስ ሞትን በለመነበት ቀን የእግዚአብሔር መልአክ ምግብና ውኃ አቀረበለት፤ ተኛ፣ ደግሞም በላ (1ኛ ነገ. 19፥4-8)። እንቅልፍ ማጣት፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ጭንቀት፣ የቆየ ሐዘን የእግዚአብሔርን ፊት የጋረዱ ያህል ሊከብዱ ይችላሉ። ወደ ሐኪም መሄድ እምነት ማጣት አይደለም።

ምናልባት ይህን የምታነቡት ከጓደኛችሁ ደብቃችሁ ይሆናል። እንግዲያው ዛሬ ማታ መጽሔቱን ስጡትና «ይህ እኔ ነኝ» በሉት። ያን ጊዜ ሁለታችሁ በመንገድ ላይ ትሆናላችሁ። ወደ እነዚያ ሁለት ሰዎች የቀረበው ጌታ፣ ባታውቁትም እንኳ፣ ከእናንተ ጋር ይሄዳል።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ። አሜን።