መሪ ሲቀየር ፓርቲ ይድናል ወይ? ከካኑ እስከ ኦዲኤም

ካምፕ ውስጥ አስተማሪ ነኝ፤ ሰሞኑን የመውጫ ወረቀት አግኝቼ ናይሮቢ፣ ኢስሊ ነው ያለሁት። እዚህ ማታቱ ውስጥም ቡና ላይም ወሬው የኦገስት 2027 ምርጫ ነው። ራይላ ኦዲንጋ ኦክቶበር 15 ቀን 2025 ካረፉ ወዲህ ደግሞ ሰው ሁሉ «ኦዲኤም በአዲስ መሪ ይነሳል ወይስ አበቃለት?» እያለ ይከራከራል።

«እኛ አንመርጥ፣ ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። አንመርጥም፣ እውነት ነው። ግን ማርች 2021 የኡሁሩ ኬንያታ መንግሥት ዳዳብና ካኩማ የሚዘጉበትን ዕቅድ በ14 ቀን አምጡ ብሎ ዩኤንኤችሲአርን ሲያስጨንቅ እንቅልፍ ያጣነው እኛ ነን። ማርች 2025 የሺሪካን ዕቅድ ይፋ ያደረገው ደግሞ የሩቶ መንግሥት ነው። ወንበሩ ላይ ማን እንደሚቀመጥ በደንብ ያገባናል።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ኬንያ ይህን ከዚህ በፊት አይታዋለች። ካኑ ከ1963 ጀምሮ ገዝቶ ነበር። በ2002 ዳንኤል አራፕ ሞይ ጊዜያቸው ሲያልቅ የ41 ዓመቱን ኡሁሩን እጩ አደረጉ። አዲስ ፊት፣ ወጣት፣ የታወቀ ስም፤ ምን ጎደለ ትላላችሁ? የጎደለው ምርጫው የፓርቲው አለመሆኑ ነው። ሞይ ራሳቸው መረጡ፣ እነ ራይላና ካሎንዞ ሙስዮካ ተቆጥተው ወጡ፣ ከሙዋይ ኪባኪ ጋር ሆነው ናርክን ፈጠሩ። ኪባኪ 62 ከመቶ፣ ኡሁሩ 31 ከመቶ። የሚገርመው ያው ኡሁሩ በ2013 በሌላ ፓርቲ ቀርቦ አሸነፈ። ካኑ ግን ወደ ሥልጣን አልተመለሰም። ሕዝቡ የጠላው ሰውየውን ሳይሆን ቤቱን ነበር ማለት ነው።

ተቃራኒውም አለ። ብዙዎቻችን ፕሮሰስ የምንጠብቅባት ካናዳ ውስጥ ሊበራሎች በ2025 መጀመሪያ በሕዝብ አስተያየት ከ20 ነጥብ በላይ ተመርተው ነበር። ትሩዶን በማርክ ካርኒ ቀይረው በኤፕሪል አሸነፉ። ካርኒ ግን ስሙን ብቻ አላመጣም፤ ሕዝቡ የጠላውን የካርቦን ግብር በገባበት ቀን ነው የሰረዘው። የትራምፕ ዛቻም ረድቶታል፣ ያ ዕድል ነው።

የኛን አገር ለምን አላነሳህም እንዳትሉኝ። በ2010 ዓ.ም. ኃይለማርያም ወርደው ዐቢይ መጡ፣ ኢሕአዴግ ብልጽግና ሆነ፣ በ2013 ምርጫ ውጤት ከተነገረባቸው 436 ወንበሮች 410 ወሰደ። ነገር ግን ትግራይ አልመረጠችም፣ በኦሮሚያ ኦነግና ኦፌኮ ከውድድሩ ወጥተው ነበር። ተፎካካሪ በሌለበት መሪ መቀየሩ ስንት ድምፅ አመጣ ብሎ መመዘን አይቻልም።

አሁን ኦዲኤም። የራይላ ታላቅ ወንድም፣ የሲያያው ሴናተር ኦቡሩ ኦጊንጋ ቦታውን ይዘዋል። ዕድሜያቸው ከ80 በላይ ነው፣ ሰው የሚያማው በሱ ነው። ለኔ ግን ችግሩ ዕድሜያቸው አይደለም። ጁን 2024 ወጣቶች የሩቶን የግብር ሕግ ተቃውመው ፓርላማ ገቡ፣ ሞቱ። በቀጣዩ ወር ጆን ምባዲን የመሳሰሉ የኦዲኤም ሰዎች ለካቢኔ ታጩ፤ ማርች 2025 ደግሞ ራይላ ራሳቸው ከሩቶ ጋር ፈረሙ። ታዲያ ፓርቲው ተቃዋሚ ነው ወይስ መንግሥት? ኤድዊን ሲፉና እና መሰሎቹ አንድ ነገር ይላሉ፣ ካቢኔ የገቡት ሌላ። በ2022 ራይላን የመረጡት ከ48 ከመቶ በላይ ሰዎች መልስ ይፈልጋሉ፤ ሃያ ዓመት የሞላው መሪ ቢመጣ እንኳ ያንን ሳይመልስ ድምፃቸውን አያገኝም።

ካምፕ ስመለስ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ማን ያሸንፋል?» ማለታቸው አይቀርም። እኔም ከመሪው ስም ይልቅ ኦዲኤም የራሱን የፕሬዚዳንት እጩ ያቀርባል ወይስ ከሩቶ ጋር ይሰለፋል የሚለውን ተከታተሉ ነው የምላቸው።