ጀበናዋን ገዝተው ቡናዋን ያልጠጡላት

ባለፈው የማኅበራችን የፊልም ምሽት ያየነው «ክሮውሄቨን ፋርም»ን ነበር። ኤቢሲ ቴሌቪዥን በ1970 እ.ኤ.አ. ያሳየው አስፈሪ ፊልም ነው። ማጊና ባሏ ማሳቹሴትስ ውስጥ አሮጌ እርሻ ይወርሳሉ። እዚያ ሲገቡ ማጊ በፒዩሪታኖች ዘመን የኖረች ሴት ሕይወት ይታያት ይጀምራል፤ ድንጋይ ሲከመርባት ሁሉ ታያለች። የአካባቢው ጠንቋዮችም የድሮ ቂማቸውን ሊወጡባት ይመጣሉ።

ፊልሙ ዛሬም ያስፈራል፤ ደም ሳያፈስ፣ በጎረቤት ፈገግታ ብቻ። እኔን ቅር ያሰኘኝ ሌላ ነገር ነው። በፊልሙ ውስጥ ጠንቋዮቹ እውነተኛ ናቸው። ስለዚህ የጥንቱ ከሳሽ ልክ ነበር ማለት ነው።

እዚያው ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ሳሌም ላይ በ1692 እ.ኤ.አ. የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በጥንቆላ ተከሰው 19 ሰዎች ተሰቀሉ። ጋይልስ ኮሪ የተባለ ሽማግሌ ለክሱ መልስ አልሰጥም በማለቱ ድንጋይ ተጭኖበት ሞተ። ዶሮቲ ጉድ የምትባል ገና አምስት ዓመት ያልዘለለች ልጅ በሰንሰለት ታሰረች። ኤልዛቤት ጆንሰን ከስቅላት ብትተርፍም ስሟ በሕግ የጸዳው በ2022 ነው፤ ያውም የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር ስለጎተጎቱ። ሳሌም ውስጥ ፍርሃትና ቂም እንጂ ጠንቋይ አልነበረም።

ፊልሙ እንዳለቀ «ፈረንጅም እንዲህ ያምን ነበር?» ብለን ሳቅን። ወዲያው ምግብ ቀረበና አንዱ «ቡዳ ሳያየን ቶሎ እንብላ» አለ። ደግመን ሳቅን። አንዲት ጓደኛችን ግን አልሳቀችም።

በኋላ ወደ ባቡር ስንሄድ ነገረችኝ። አያቷ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። የመንደሩ ሰው ጀበናውን ከእሳቸው ይገዛል፤ ቤታቸው ገብቶ ቡና ግን አይጠጣም። ልጅ ባመመ ቁጥር ዓይን ሁሉ ወደ እሳቸው ደጅ ይዞራል።

በዚያ ምሽት «ዊች» የሚለውን «ጠንቋይ» ብለን ነበር የተረጎምነው። ጠንቋይ ግን ሰው ገንዘብ ይዞ ደጁን የሚጠናው ነው። ጎረቤት የሚለጥፈው፣ ባለቤቱ ያልመረጠው ስም ቡዳ ነው። በአገራችን ይህ ስም ለዘመናት የተለጠፈው በአንጥረኛው፣ በሸክላ ሠሪዋ፣ በቆዳ ፋቂው ላይ ነው። ብዙዎቹ በእነዚህ ሙያዎች ይተዳደሩ የነበሩት ቤተ እስራኤልም ከዚህ ስም አላመለጡም። አፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ቃሉ ግን ከእኛ ጋር አውሮፕላን ተሳፍሮ እዚህ ደርሷል።

«ቀልድ እኮ ነው፣ ማን ያምንበታል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፣ አብዛኞቻችን አናምንበትም። ለእኛ ግን ቀልድ የሆነው ስሙ ቤታችን ላይ ስላልተለጠፈ ነው። የጓደኛዬ አያት መንደር ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

አስፈሪ ፊልም ይቅር አልልም፤ እኔም እወደዋለሁ። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። በሚቀጥለው የፊልም ምሽት ከፊልሙ በኋላ ግማሽ ሰዓት ለውይይት እንያዝ። ማዕድ ስንቀርብ ደግሞ ያንን ቀልድ እንተወው። አጠገባችን የተቀመጠው የማን የልጅ ልጅ እንደሆነ አናውቅም።