የድሬዳዋ ወባና የውኃ በርሜል

የኢትዮጵያ የወባ ቁጥጥር ለረጅም ጊዜ የቆመው በሁለት ግምቶች ላይ ነው፤ ወባ የገጠር በሽታ ነው፣ የሚበረታውም ከክረምት ዝናብ በኋላ ነው። ድሬዳዋ ሁለቱንም ጥያቄ ውስጥ ጥላለች። እ.ኤ.አ. በ2022 የመጀመሪያ አምስት ወራት በከተማዋ 2,425 የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መኖሪያም ከተጠቁት አንዱ ነበር። ጥናት ወረርሽኙን ያያያዘው ከአኖፊለስ ስቴፈንሲ ጋር ነው፤ ይህች የእስያ ትንኝ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪደሃር ነው።

ስቴፈንሲ በበርሜልና በታንከር ውኃ ስለምትራባ ዝናብ አትጠብቅም። ኤደስ ኢጂፕታይም እንዲሁ ናት፤ የምታስተላልፋቸው ደንጌ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ቺኩንጉኒያ በ2019 ድሬዳዋን አጥቅተዋል።

ስለዚህ የወቅት ርጭትና አጎበር ብቻቸውን አይበቁም። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር «በርሜሉን ድፉ» ማለት ነዋሪውን ውኃ መንፈግ ነው። ዕቃውን መክደን፣ እጩ ትንኝ ሳይሆን በየሳምንቱ ማጠብ፣ ለትልልቅ ታንከሮችም የእጭ ማጥፊያ መጠቀም የቅርብ መፍትሔ ነው። ዘላቂው ግን የማይቋረጥ ውኃ ነው። የውኃ ዕቅድ የወባ ዕቅድ አካል እስካልሆነ ድረስ ትንኟ በየግቢው ማደሪያ አታጣም።