ከቡናው ሥር የሚበቅለውን ቡቃያ ተማሪዎች ይቁጠሩልን

ዘጌ በሬ ተጠምዶ የማይታረስበት፣ ከብትም የማይረባበት አገር መሆኑን የጣና ዳር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ይህን ሥርዓት ያቆሙት አቡነ በትረ ማርያም እንደሆኑ፣ ለሕዝቡም መተዳደሪያ እንዲሆኑ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ እንደተሰጡት በትውፊት ይነገራል። ይሁንና እህል የማያመርት ገበሬ እህሉን የሚያገኘው ከገበያ ነው። የቡናው ገቢ ሲያንሰው እንጨት ቆርጦ በታንኳ ወደ ባሕር ዳር ይወስዳል። ስለዚህ በዘጌ የቡናው ጉዳይና የደኑ ጉዳይ ተለያይተው ሊታዩ አይችሉም።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ግን እንጨት ሻጩ ሳይሆን ብዙም የማይወራለት የምንጣሮ ሥራ ነው። የቡናው ሥር ሲጸዳ የዋንዛው፣ የሰሳውና የብርብራው ቡቃያ ከአረሙ ጋር አብሮ ይቆረጣል። ይህ በየዓመቱ ከተደጋገመ ትልቁ ዛፍ አርጅቶ በሚወድቅበት ጊዜ ተተኪ አያገኝም። ቡናውም ጥላ ያጣል፤ አፈሩን የሚያለብሰው የረገፈ ቅጠል ይቀንሳል። ሰሳና ብርብራ በሥራቸው አማካይነት ናይትሮጅን ለአፈሩ የሚያተርፉ ዛፎች በመሆናቸው ጉዳቱ ድርብ ነው።

በዚህ ሥራ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ሊረዱን ይችላሉ እንላለን። እስካሁን ተማሪ የሚጠራው በአብዛኛው ለተከላ ቀን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በይፋ ተገልጿል። ተክሎ መሄድ ግን ሳይንስ አይደለም። ከዓመት በኋላ ተመልሶ የጸደቀውን የሚቆጥር ተማሪ የበለጠ ይማራል፤ በዘጌ ደግሞ ወፉና ዝንጀሮው የዘሩት ቡቃያ ሳይተከል ይገኛል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ማኅበሩ ምንጣሮ የሚጀመርበትን ሳምንት አስቀድሞ ለትምህርት ቤቱ ያስታውቅ። ተማሪዎች ከመምህራቸውና ከልማት ሠራተኛው ጋር ሆነው በገመድ 10 ሜትር በ10 ሜትር ቦታ ይለኩ፤ ቡቃያውን በየዓይነቱ ይቁጠሩ፣ ቁመቱን ይመዝግቡ፣ እንዲተርፍ በተመረጠው አጠገብም የሸምበቆ ካስማ ይትከሉ። ብርብራን ብዙዎቹ ልጆች ዓሣ ለማደንዘዝ በሚወቀጠው ፍሬው ያውቁታል። ገና ሁለት ቅጠል ሳለ መለየት ግን ሌላ ትምህርት ነው።

ባለ ቡናው «ሁሉም ከቀረ ቡናዬ ብርሃን ያጣል» ቢል እውነቱን ነው። ሁሉም እንዲቀር አንጠይቅም። ጥላው የሳሳበትን ስፍራ አይቶ እዚያ ጥቂት ጠንካራ ቡቃያ ማስቀረት ይበቃል፤ የትኛው እንደሚቀር የሚወስነውም ባለ ይዞታው ከልማት ሠራተኛው ጋር ተመካክሮ እንጂ ተማሪው አይደለም። በአንጻሩም ተማሪዎቹ ለምንጣሮም ሆነ ለቡና ለቀማ ነጻ ጉልበት ተደርገው እንዳይታዩ ማኅበራት ይጠንቀቁ። ይህ ከሆነ ወላጅም መምህርም ይሸሻል።

የጣና ሐይቅ አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። መዝገቡ ግን በራሱ አንድ ዋንዛ አያሳድግም።

ቆጠራው በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወር፣ በዚያው ቦታ ይደገም። ካስማ የተተከለለት ስንቱ እንደተረፈ ተማሪዎቹ ራሳቸው በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ያንብቡ። መዝገቡም በሁለት ቅጂ ይያዝ፤ መምህሩ ቢዛወር ሥራው እንዳይቋረጥ አንዱ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ።